የሌሊት ተረኞች

ረቡዕ በማለዳ፣ ከስታዲየሙ ጀርባ፣
የገንዳው እንፋሎት ከውሃው ሳይነሳ፣
ሌሊቱን ቆማ አድራ፣ ከጥቁር አንበሳ፣
በነጭ የሥራ ጫማ አንዲት ሴት መጥታ ቆመች፤
«ዋና ያስተምሩኝ» አለች።
«ስንት ቀን አለሽ?» ብላት ጣቶቿን ቆጠረች፤
«አርባ ቀን፤ እሱም ፈረቃ ካልቀየሩብኝ።»
ስሟ ወለላ ነበር፤
ግን ከዘበኛው ጀምሮ ሁሉም የጠራት «ሲስተር»።

ወንድሟ ደሴት ላይ ነው፣ የሆቴል ወጥ ቤት ይሠራል፤
ቪዲዮ ልኮላታል።
ከሳንቃ የተሠራ ድልድይ፣ ከአሸዋው ይነሳና
ባሕሩ መሐል ያልቃል፣ ማዶ የለውምና።
ከሥሩ፣ ሲመሻሽ፣ የዓሣ ጭንቅላት ሲደፋ፣
ቡናማ ጥላ ይመጣል፣ እንደ ፈሰሰ ዘይት እየሰፋ፤
አንድ፣ ሁለት፣ ሰባት፤ ሆዳቸው አሸዋ ልሶ፣
አንዱ ባንዱ ተንተርሶ፣
አልጋ እንዳጣ በሽተኛ
ኮሪደር ላይ እንደሚተኛ።
«ሻርክ ናቸው» አለችኝ፣ ስልኩን ዓይኔ ሥር አስጠግታ፤
«ነርስ ሻርክ ነው ስማቸው!» ሳቀች፣ እንቅልፏን ረስታ፤
«የሌሊት ተረኞች ናቸው፣ ቀን ቀን እንደኔ ይተኛሉ፤
ደመወዛቸው ግን ዓሣ ነው፤ ከኔ ይሻላሉ።»

እኔ ዝም አልኩ።
ምጽዋን አላነሳሁም፤
የመርከብ ሆድ በጨለማ፣ በመዳፌ ስዳብስ ማደሬን አላወራሁም።
ባሕሩ ሲቀር ጠላቂው ቀረ። ደብተሬ ሳጥን ውስጥ አለ።
ሰላሳ ምናምን ዓመት፣ ሦስት ሜትር ባሕር እጠብቃለሁ፤
ክሎሪን እለካለሁ፤
ከሥር የፀጉር መያዣ፣ ሳንቲም፣ አንዴም የወርቅ ጥርስ አውጥቻለሁ።

ጭንብሉ ከመርካቶ ነው፣ የሕፃን ልክ፣ ሮዝ ቀለም፤
ግንባሯ ላይ ክብ ያትማል፣ እስከ ማታም አይለቅም።
«በአፍሽ ተንፍሺ» እላለሁ፤ አፍንጫዋ እምቢ ይላል፤
ውሃው ከነክሎሪኑ ጉሮሮዋ ይገባል።
«አትታገዪው» አልኳት፤ «ውሃ ሰካራም ጎረቤት ነው፤
ከተጨቃጨቅሽው ደጅሽ ያድራል፤
ዝም ካልሽው ቤቱን ያውቃል።»

በዘጠነኛው ቀን ፊቷን ደፍታ ተንሳፈፈች፤
እጆቿ እንደተዘረጉ፣ ጣት ሳታንቀሳቅስ ቆየች።
ዘበኛው «ኧረ ሰው!» ብሎ፣ ሻዩን ደፍቶ ሮጠ።
እኔ ግን ቱቦውን አየሁ፤ ጫፉ ይተነፍሳል፤
ቀስ፣ እረፍት፤ ቀስ፣ እረፍት፤
እንደ ሰዓት።
ስትወጣ «ምን ነካሽ?» አልኳት።
«ድምፁ» አለች። «ቱቦው ውስጥ የራሴ ትንፋሽ ድምፁ
ልክ የስድስት ቁጥር አልጋ ማሽን ነው።
ሌሊት ሌሊት ቁጭ ብዬ የምቆጥርለት፣
በደቂቃ አሥራ አራት።
ዛሬ ጎህ ሲቀድ ነቀሉት።»
ፎጣ ሰጠኋት። ሌላ ምን ይሰጣል?
ከአጥሩ ማዶ ባቡሩ ሐዲዱ ላይ ሲያፏጭ ይሰማል።

በመጨረሻው ቀን፣ ጫማዋን ስታስር አፌ አመለጠኝ፤
«ጢም አላቸው፣ ከላይኛው ከንፈር፣ ሁለት። እሱን እንዳትነኪ።
ከተኛም አትቀስቅሺ።»
«እንዴት አወቁ፣ ጋሽ ዘርፉ?»
ውሃ እንደገባው ሰው አንገቴን አዘንብዬ
ጆሮዬን መታ መታ አደረግኩ።

ሐምሌ ነው። ሜክሲኮ፣ ታክሲ ውስጥ፤ ዝናቡ ጣሪያ ይወቅጣል፤
ረዳቱ «ሳር ቤት! ሳር ቤት!» ይላል፤
የጎኔ ሰው ጃንጥላ ጭኔ ላይ ይንጠባጠባል።
ስልኬ ነዘረ፤ የድምፅ መልእክት ነው፣ ጆሮዬ ላይ ለጠፍኩት፤
መጀመሪያ ማዕበል፣ ከዚያ ሳንቃ ሲንቋቋ ሰማሁት፤
ከዚያ እሷ፣ በሹክሹክታ፣ የተኛ ሰው እንዳትቀሰቅስ፤
«ጋሽ ዘርፉ፣ ጢሙን አልነካሁም።»
ሌላ ቃል የለም። ትንፋሽ ብቻ።
ስምንት ድረስ ቆጠርኩ።
«ወራጅ አለ» አልኩ፣ ሰፈሬ ሳይደርስ፤
ዝናቡ ውስጥ ወረድኩ፣ ስልኩን ከጆሮዬ ሳልመልስ።