የአባቴ ሚዛን

አማንካይ ስትወለድ ሁለት ኪሎ ከሩብ፤ ከዚያ አልዘለለችም።
ዓሣ ብትሆን ኖሮ (ይህን ሐሳቤን እናቷ አልሰማችም)
«ገና ነሽ፣ ሂጂ እደጊ» ብዬ ከጀልባዬ ጫፍ
እመልሳት ነበር ወደ ማዕበሉ አፍ።

ነርሷ ዙሌማ በወር አንዴ ነው ደሴታችን የምትደርሰው፣
እሱም የቺሎዌ ነፋስ ልቡ ከራራ፣ ባሕሩን ካላመሰው።
አንድ ካርድ ሰጠችን፣ ሽቅብ የሚወጡ መስመሮች ያሉበት፤
«ነጥቧ ከመስመሩ እንዳትወርድ» አለችን፣ «ዓይናችሁን ትከሉበት።»

ከዚያ ነፋሱ ተነሣ። አምስት ሳምንት ጀልባ ዝር አላለም።
ኦርፊሊያ ታጠባለች፣ ትጠይቀኛለች፦ «ጠገበች? ወይስ ጠብ አላለም?»
ምን ልበላት እኔ፤ ጡት መስፈሪያ የለው፣ ሕፃን ቃል የለው፤
የማውቀው ሚዛን አንድ ነው፣ መጋዘኑ በር ላይ አባቴ የሰቀለው።

የድንች ከረጢት አጥቤ፣ በጨርቅ ለብጬ፣ ከመንጠቆው አንጠለጠልኳት፤
ራቁቷን ስታለቅስ በሁለት መዳፌ ከሥር ከሥሯ ጠበቅኳት።
ቀስቱ ተንቀጠቀጠ፣ ቆመ። አነበብኩ። ደግሜ አነበብኩ።
ሁለት ኪሎ ከአራት መቶ። ኦርፊሊያ ሳቀች፤ እኔ ግን ዝም አልኩ።

ሐሙስ ሐሙስ እንሰቅላታለን። የበሩን ሳንቃ በከሰል አጋመስኩት፣
ባንድ ወገን የዓሣ ዕዳ፣ ባንድ ወገን የልጄን ግራም ጻፍኩት።
መቶ ሃምሳ። ሁለት መቶ። አንዴ ሰማንያ ብቻ፤ ያን ሳምንት ጉንፋን ነበራት፤
ኦርፊሊያ ቁጥሩን እንደ ትኩሳታም ግንባር ዳበሰችው፤ ከሰሉ መዳፏን አጠቆረባት።

በስድስተኛው ሐሙስ ዙሌማ ደረሰች፣ ጫማዋ ውሃ አዝሎ፤
ሚዛኗን ዘረጋች። የሷ ቀስት ቆመ፣ ከኛው ሁለት መቶ ግራም ጎድሎ።
ኦርፊሊያ ነጣች። ያኔ ተናገርኩ፣ ዓይኔን ከወለሉ ሳላነሣ፦
«አባቴ ነው። ሞላውን በሞረድ ነክቶታል፣ ነጋዴ ሲገዛ እንዲከብድ ዓሣ።»

አውቅ ነበር። ከመጀመሪያው ሐሙስ ጀምሮ በጨለማ ስቀንስ አደርኩ፤
እሷ ትተኛ ብዬ አልተነፈስኩ።

ዙሌማ አልተቆጣችም። እርሳሷን ላሰች፣ ከሳንቃው ፊት ቆመች፣
ከያንዳንዱ ሐሙስ የአባቴን ውሸት ቀነሰች፣ ነጥብ ከነጥብ አያያዘች።
የፊተኛው ነጥብ ከልደቷ በታች ወረደ። «ሁሉም መጀመሪያ ትንሽ ይቀልላሉ፣»
አለች፣ «ይዘው የመጡትን ውሃ ከፍለው ነው የሚገቡት፤ ከዚያ ያድጋሉ።»

የቀሩት ግን ሽቅብ ናቸው፤ አካሄዳቸው ያው፣ አንድም አልተዛነፈ፤
የአባቴ ሚዛን ሐሙስ ሐሙስ ያንኑ ውሸት ነው የለፈለፈ።
ነጋዴውን ሰርቋል። በልጄ ዕድገት ላይ ግን አንዲት ግራም
ሊጨምር አልቻለም፣ ሊሰርቅም።

ለማስተያየት መልሰን ብንሰቅላት ሸናች፤ ቀስቱ የፀጉር ያህል ወረደ፤
ለመጀመሪያ ጊዜ ሲቀንስ ሳቅን፣ የማንም ልብ አልራደ።