ውሃ ልክ

ከቦርከና ዳር፣ ከጋቢዮኑ ሥር፣
ጋሽ ሙሄ በር ቆሜ ደረጃ ስቆጥር፣
ሦስት ነበር አሉኝ፤ ዘንድሮ ሰባት ነው፣
ክረምት በመጣ ቁጥር አንድ ረድፍ ጨምረው።
ወለሉ ሲያድግ ጣራው አላደገም፣
በሩ አጥሯልና ሰው ቆሞ አይገባም።
ጎንበስ ብዬ ገባሁ። እሳቸውም ሳቁ፦
«ለአላህ እሰግዳለሁ፤
ለውሃ ግን፣ ልጄ፣ ወገቤን ብቻ ነው የማጥፍለት።»

ከማዘጋጃ ቤት ተልኬ ነው የመጣሁ፣
ግንቡ ስንት ይጨመር? ልለካ፣
ባለ ሦስት እግር መሣሪያ በትከሻዬ።
እሳቸው ከአልጋ ሥር፣ ከአሮጌ ሽርጥ ፈትተው
ክንድ የምታህል እንጨት አወጡ፤
መሐሏ ብርጭቆ፣ ብርጭቆዋ ውስጥ ውሃ፣
ውሃው ውስጥ አንዲት አረፋ።

«አሰብ ነው የገዛኋት፣ ከአንድ የመናዊ።
መርከብ የሚጠጋበት ግንብ ከንፈር ላይ
አሥራ ዘጠኝ ዓመት ድንጋይ ደርድሬአለሁ።
ባሕር እንደ ቦርከና አይደነፋም፣
ደረስሁ ብሎ አይጮህም፣
እያሳሳቀ ነው የሚወስድ።
እርጥቡ ጠርዝ በደረሰበት፣ በየዓመቱ፣
አንድ ሚስማር እመታ ነበር።
ዘንድሮ ከአምናው በሚስማር ውፍረት ሲያልፍ
አለቃችን ይስቅብኛል፦
‹ሙሄ፣ ባሕር ጥጃ ነው እንዴ የሚያድግ?›
ስቆ ሲያበቃ ግን ‹በል ጨምርበት› ይላል።»

ኋላ መንገዱ ተዘጋ።
በጨው መኪና ጀርባ፣ መዶሻና ውሃ ልክ ታቅፈው
በባቲ አቀበት ኮምቦልቻ ገቡ።
ዓመታት ቆይቶ ወደቡ ተከትሏቸው መጣ፤
ደረቅ ወደብ አሉት፣
ማዕበል የለው፣ ዓሣ የለው፣
በኮንቴይነር ላይ ኮንቴይነር።
ከጁምዓ መልስ አጥሩ ድረስ ሄደው ሾፌር ይጠይቃሉ፦
«ባሕሩስ? የት ደረሰ?»
«ከጅቡቲ ነው የመጣነው፣ አባባ፤ አሰብን አናውቃትም።»
ስለ ሚስማሮቹ አያነሡም።
የዛገውን ብረት በጣታቸው ዳብሰው
ምላሳቸው ላይ ያደርጋሉ።
ጨው።

አምና በነሐሴ፣ ሌሊት፣
ቦርከና የጋቢዮኑን ሽቦ በጥሶ
ድንጋዩን እንደ ቆሎ ሲበትነው፣
በደረጃቸው ሲስቅ የከረመው ሰፈር
ፍራሹን ተሸክሞ ከእሳቸው ወለል አደረ፣ እግር በእግር።
ዘይነባ ዶሮዎቿን ሳይቀር ይዛ መጣች፤
አውራው ዶሮ ሳይነጋ ጮኸባቸው።

አሁን እኔ መሣሪያዬን ተከልሁ።
እሳቸው ውሃ ልካቸውን መድረኩ ላይ አኖሩ።
ሁለታችንም ትንፋሻችንን ያዝን።
አረፋዋ መሐል ላይ አልቆመችም፤
ቀስ እያለች ወደ ጓዳው፣ ከወንዙ ሸሸች።
«አየሽ፣» አሉኝ፣ «ቤቴ ወደሱ አዘንብሏል።
ውሃ ውሃን ያውቀዋል።»

መዝገቤ ላይ «ግንቡ ከፍ ይበል» ብዬ ጻፍሁ።
«በስንት?» ከሚለው ባዶ ቦታ ስደርስ
እስክሪብቶዬ ቆመ።
ጋሽ ሙሄ ኪሳቸውን ዳበሱ፣
አንድ ሚስማር አወጡ፣
በአፋቸው ነክሰው መዶሻቸውን ፈለጉ።