ያዝ፣ ለቀቅ

አስራ አንድ ሞርሴቶ፣ በአስራ አራት ዶላር፣
ከወይዘሮ ኦሪሲያ፣ በሰኔ ቅዳሜ፣ በዊኒፔግ ዳር።
«የታራስ ነበሩ፤ ውሰዳቸው» አለች፣ «እኔ ምን ልሠራ?»
ሣጥኑ ከበደኝ፤ በጓሮው መንገድ ላይ ተሸከምኩት፣
አንዴ በቀኝ ጎኔ፣ አንዴ በስተግራ።
በርካሽ አገኘሁ ብዬ ደስ አለኝ፤ ደስታዬ እስከ ጥቅምት ቆየ።
ሰው ያልሞከረውን ዕቃ ይወዳል፣ ክፉ ጠባዩን ገና ስላላየ።

በጥቅምት አንድ ሌሊት የኦክ ጣውላዎች ገጥሜ፣ ኮላ ቀብቼ፣
አምስቱን ደርድሬ፣ እስኪያልበኝ አጥብቄ፣ መብራት አጥፍቼ
ተኛሁ።
ሊነጋ ሲል ሰማሁ። ጧ!
ትንሽ ቆየና፣ ጧ!
ጠዋት ጣውላዎቹ፣ እንደ ተኳረፉ ባልና ሚስት፣ ጀርባ ተሰጣጥተው፤
ኮላው ሽማግሌ ሆኖ መሐል ገብቶ፣ ቃል ሳያናግራቸው እዚያው ደርቆ ትቷቸው።

«አያያዙን አይተው ጭብጦውን ቀሙት» ይባል የለም ወይ?
እኔን ማን ቀማኝ? ብርዱ ነው? ሌሊቱ? ወይስ ራሱ ያዡ፣ ይህ ብረት አታላይ?

ዳምጠው ደወለ፤ «አዲስ ግዛ» አለኝ፣ «ቅናሽ አለ አሁን፣
አንዱ በስልሳ ነው።»
«ስልሳ ሲባዛ በአስራ አንድ» አልኩት።
ሁለታችንም ዝም አልን። እሱም ተወ ሐሳቡን።

ጥር ገባ፤ ከዜሮ ሠላሳ ሁለት በታች። ጋራዡ በር ላይ መዳፌ ተጣብቆ፣
(ኮላዬ ይህን ቢችል!) የበሩ እጀታ ቆዳዬን ሊያስቀር፣ ይህን ያህል ጠብቆ።
ብረቱን በሙሉ ማድቤት አስገባሁ፣ ጋዜጣ አንጥፌ፣
አንድ ባንድ መረመርኩ፣ መነጽሬን ወልውዬ፣ ደረቴን ጠረጴዛው ላይ ደግፌ።

በሽታው ቀላል ነው።
ዘንጉ ላይ የሃያ ዓመት ሙጫ እንደ ሰም ተለስኖ፣
ተንሸራታቹ መንጋጋ የሚነክስበት ጠርዝ ዱልዱም ሆኖ፤
ጥርስ ያለቀበት ውሻ። ይጮኻል፣ ይሮጣል፣ እግር ይይዝና
ጎተት ሲያደርጉት ይለቃል፣ ይቅርታ የጠየቀ ይመስል፣ በትሕትና።

ሙጫውን በምላጭ ፋቅኩለት፣ በሽቦ ብሩሽ አሸሁት፣
የመንጋጋውን ጠርዝ ጥፍር እስኪጭር ድረስ በሞረድ ሳልኩት፤
ዘንጉን በአግድም፣ እንደ ባለሱቅ የዱቤ መዝገብ፣ በጭረት ሞላሁት፣
ጠመኔ አለበስኩት።
ለብሎኑ ግን ሰም፤ እሱ ይሽከርከር እንጂ መያዝ የሌላው ነው።
ብረትም የሚለሰልስበት፣ የሚሻክርበት፣ የየራሱ ቦታ አለው።
የተሰበረውን ሞላ በእስክሪብቶ ሞላ ተካሁ፣ ከባንክ በነፃ ባገኘሁት፤
ለአፋቸው ልባስ፣ የጎረቤት ልጅ የጣለውን የሳይክል ከመነዳሪ ቆርጬ አጣበቅኩት።
ወጪ፦ ለጠመኔ አንድ ዶላር ከሃያ አምስት።

ሰባተኛውን ስፍቅ፣ ከሙጫው ሥር ሌላ ጭረት አገኘሁ።
የእኔ አይደለም።
በአግድም፣ ጠበብ ጠበብ ያለ፣ ጫፉ ወደ ግራ የወረደ፣
አንድ ሰው፣ ከእኔ በፊት፣ እዚህችው ላይ ተቸግሮ የሞረደ።

በመጋቢት መጣች፣ ወንበር ተሸክማ፤ እግሩ ይወዛወዛል።
«ታራስ ‹ነገ› ሲለው ዘጠኝ ዓመት ሆነ፤ አሁን ግን ይብሳል።»
«ግራኝ ነበር?» አልኳት።
«ማን ነገረህ?» አለች።
ዘንጉን ሰጠኋት። ጓንቷን አውልቃ፣
ጭረቱን በጥፍሯ ከላይ ወደ ታች ቆጠረች።
ሌላ ቃል አልጨመረች።

ያን ሌሊት አልተኛሁም፤ ጆሮዬን ጣልኩ።
ስድስት ሰዓት። ስምንት። አስር።
ከወንበሩ በኩል አንዳች አልሰማሁ፤ ከምድጃው ሽርታ፣ ከነፋሱ በስተቀር።
ጠዋት ሞርሴቶዎቹን ስፈታ፣ እግሩን ገፋሁት፤ አልነቃነቅ አለ።
ሰባተኛው ግን አሁንም ይንሸራተታል። ሁለት ሰው ሞረደው፤ እሱ እንዳለ አለ።

በሩ አጠገብ ሰቀልኩት። ኮቴን ሰጠሁት።
እስካሁን አልጣለውም።