ያልተሰበረው ሞላ

ዩጎ የሚሉት ነፋስ ከደቡብ ሲነሣ፣
ኮሚዣ ወደብ ላይ ጀልባው ሁሉ በገመዱ ሲያገሣ፣
ፍራኒካ መጣች፣ በሬን በክርኗ ገፍታ፣
የሰርዲን ካርቶን ታቅፋ፣ በዝናብ ረጥባ፣ ተቆጥታ።
«ቪትስኮ» አለችኝ፣ «አንተ አሮጌ ነገር ትወዳለህ፤
ይሄን ጠግነው። ስንት ትለኛለህ?»

ከፈትኩት።
ሁለት ጥቁር ቱቦ፣ እንደ ደረቀ አንጀት፣
መሐሉ ላይ የናስ ሣጥን፣ የሾርባ ሳሕን ስፋት።
የዩሬ መተንፈሻ። ባሏ፣ ነፍሱን ይማር፣
ከሰመጡ መርከቦች መዳብ ሲለቅም ባሕር ለባሕር።
ባሕር አልበላውም። መስኮቱን ቀለም ሲቀባ
ከመሰላል ወደቀ፣ ሰኞ፣ ጀምበር ሳትገባ።

«ተበላሸ ብሎ ነው» አለች፣ «ድንገት መጥለቁን የተወው፤
ሞላው ተሰበረ፣ መለዋወጫ ከየት ይምጣ ነው ያለው።
ሃያ ሁለት ዓመት ጣሪያ ሥር ተኝቷል።
አሁን ይተንፍስልኝ። ዕድሜዬም አርጅቷል።»

እኔ የዓሣ ፋብሪካው ጡረተኛ መካኒክ ነኝ።
ሚስቴ በሕይወት ሳለች «የዝገት ዘመድ» ትለኝ ነበር፣
ከአልጋችን ሥር በደበቅሁት ሲሊንደር ጣቷ በተመታ ቁጥር።
ከስፕሊት የገዛሁት ጭንብል አለኝ፣ መስተዋቱ ሞላላ፣
ከአንድ የማልታ ሽማግሌ በወይን የለወጥኩት ቢላ፣
ጫፉን አይጥ የበላው የጎማ ክንፍ፣ ያውም የግራው ብቻ፤
ቀኙን ስፈልግ አሥራ አንድ ዓመቴ፣ ይኑር አይኑር እንጃ።

ናሱን በኮምጣጤና በጨው ሌሊቱን ዘፈዘፍሁት፣
አረንጓዴውን ቅርፊት በጥርስ ብሩሽ ፋቅሁት።
የሪየካው ኦዝሬን «አታንጸባርቀው» ይለኛል፣ «ጠባሳ ታሪክ ነው»፤
ፊቴን ካላየሁበት ናስ፣ ለእኔ ድስት ነው።
ጎማው ግን አሳዘነኝ፣ እጄ ላይ እንደ ቂጣ ተሰባበረ፤
ጎማ መዋሸት አያውቅም፣ ዕድሜውን ሁሉ ተናገረ።

ከዚያ ስድስቱን ብሎን አንድ በአንድ ፈታሁ፣
ትንፋሼን ውጬ ክዳኑን በጥፍሬ አነሣሁ።
የዳክዬ መንቆር የሚመስለው ቫልቭ፣ ደርቆም ቢሆን አለ፤
መርፌው ቀጥ ብሎ ቆሟል፣ የፀጉር ታህል አልጎደለ።
ሞላውስ?
ሞላው ሙሉ ነው። አልዛገ፣ አልተሰበረ፣ አልላላ፤
በጣቴ ስጫነው መልሶ ገፋኝ፣ ጤነኛ፣ ግትር፣ ጎምላላ።

አይ ዩሬ!

መብራቱን አጥፍቼ ቁጭ አልኩ፣ ነፋሱ በሩን ይነቀንቃል።
ያ ሰው ስንት ሜትር ወርዷል፣ የስንት መርከብ ሆድ ያውቃል።
ምን አይቶ ይሆን ከታች፣ በዚያ በመጨረሻው ቀን?
ፈርቶ ይሆን? ደክሞት ይሆን? ወይስ ወደቡን፣
ድንጋዩ ላይ ተቀምጣ አረፋውን የምትቆጥር ሚስቱን
አስታውሶ ይሆን?
እኔ ምን አውቃለሁ። እኔ የማውቀው ብሎን።

ቱቦ ከትሪየስቴ አስመጣሁ፣ ስሱን ጎማ ራሴ ቆረጥኩ፣
በታልክ ዱቄት አሸሁት፣ ሲሊንደር ላይ ገጠምኩ።
ገንዳ ውስጥ አጥልቄ ሳብኩ፤ ሽው ብሎ መጣ፣ ጉሮሮ ሳያንቅ፤
ለቀቅሁት፤ ጉርግርግርግ አለ፣ ሽማግሌ ከእንቅልፉ ሲነቃ እንደሚስቅ።

ከአሮጌ ብሎን ጣሳዬ የተሰበረ ሞላ መረጥሁ፣
በፖስታ አሽጌ ሰጠኋት፤ «ይኸውልሽ ጥፋተኛው» አልሁ።
«ልክ ነበር ዩሬ። ሞላው ነው። በዚያ ዘመን ደግሞ አይገኝም።
ሂሳቡ ሁለት ማሰሮ ሰርዲን፤ ከዚያ በላይ አልወስድም።»

ፖስታውን ቀደደች፣ ሞላውን ወደ መስኮቱ አነሣች፣
በብርሃኑ አዟዙራ አየችው፤ ቀጥላ እኔን አየች።
ከሲሊንደሩ ሳልፈታው፣ የአፉን ጎማ ነክሳ አንዴ ሳበች፣
ሁለቴ ሳበች፣
ከዚያ ሳቀች።
«ቪትስኮ» አለችኝ፣ ካርቶኗን አቅፋ ለመሄድ ስትነሣ፣
«እሱም ሲዋሽ ጆሮውን ያክ ነበር። እጅህን ከዚያ አንሣ።»

ሰርዲኑ ቅዳሜ ደረሰ።
ሦስት ማሰሮ ነው።