ከወገብ በታች

በኢሎኢሎ ከተማ፣ በሞሎ ሰፈር፣
ሦስት ዓመት ቆሜያለሁ ከአንድ መስኮት ሥር፤
ከወገቤ በላይ በአረንጓዴ ጨርቅ ተጠቅልዬ እንደ ዕቃ፣
ላብ ዐይኔን ሲበላው፣ «ዝም በይ» ስባል፣ ካሜራው እስኪነቃ።

ድራማው «ተከራዮች» ነው። በየሐሙሱ ማታ፣
ዜናው ሲያበቃ፣ ከሳሙና ማስታወቂያው ጋጋታ
ቀጥሎ ይመጣል።
ካፕሬ አለ በውስጡ፦ የዛፍ ላይ ግዙፍ፣ ሲጋራው የማይጠፋ፣
መኖሪያ ዛፉን መንገድ ሠሪ ቆርጦበት ወደ ከተማ የተገፋ፤
የገበያ አዳራሽ ዘበኛ ሆኗል፤ ጂፕኒ ውስጥ አይገባም፤
በእግሩ ነው የሚሄደው፤ የመብራት ድርሻውን ግን አያዛባም።
ከደረጃው ሥር ዱዌንዴው አለ፤ ድንክ ነው፣ ባለ ትልቅ ጫማ፣
የሰፈሩ ዕቁብ ጸሐፊ፤ በአንዲት ሳንቲም እንኳ ያልታማ።

ደግሞ ኢሲያንግ አለች፤ ማናናንጋል ናት፣ የስልክ ማዕከል ሠራተኛ፣ የሌሊት ፈረቃ፤
ራት ተበልቶ፣ ሳህን ታጥቦ፣ አከራይዋ ስታንኮራፋ ጠብቃ፣
ከወገቧ ትገነጠላለች። የሌሊት ወፍ ክንፏን ዘርግታ
በመስኮት ትበራለች ወደ ሥራ፤ የታክሲውን ሒሳብ አትርፋ፣ ተደስታ።

እግሮቿ ይቀራሉ። ቆመው ይጠብቃሉ።
እነሱ የእኔ ናቸው።

ክንፉም ፊቱም የክሪስታሌ ነው፤
በገመድ የምትሰቀለው፣ አበባ የሚላክላት እሷ ናት።
እግርም ይተውናል፤ ማን ያምናል? ዳይሬክተሩ ይቆጣል አልፎ አልፎ፦
«ሉዝቪሚንዳ! እግርሽ አዝኗል፤ ትንሽ ይጽናና፣ ይቁም አርፎ።»
እኔም አውራ ጣቴን በዝግታ አነቃንቃለሁ፤ ተስፋ እንዲመስል።

መንገድ ላይ የሚያውቀኝ የለም። አንድ ቀን ብቻ፣ ዓሣ ተራ፣
ሻጯ ከባንኮኒው በታች የጣለችውን ሳንቲም ስትፈልግ በዳበሳ፣
አየችው ቁርጭምጭሚቴን፤ የብስክሌት ሰንሰለት የበላውን ጠባሳ፤
«ኢሲያንግ!» ብላ ጮኸች፣ ከመሬት ሳትነሳ።
ቀና ብላ ፊቴን ስታይ ግን፣
«ይቅርታ» አለች፣ «መስሎኝ ነው።»

ባሌ ሩፔርቶ መርከበኛ ነው፤ ዘጠኝ ወር በባሕር፣ ሦስት ወር በቤት፤
ሲደውል መስመሩ ይቆራረጣል፤ «የት ነህ?» ስለው
«ጨው ላይ» ይለኛል፣ ለቀልድ ያህል፣ በደከመ አንደበት።

ጨው።
የአገሩ ሰው ሁሉ ያውቃል፦ የቀረውን ግማሽ ያገኘ ሰው ጨው ከነሰነሰበት፣
የበረረችው ስትመለስ መግጠም ያቅታታል፤ ፀሐይ ትደርስባታለች ከመስኮቱ ፊት።

የመጨረሻው ክፍል ጽሑፍ እንዲህ ይላል፦
አከራይዋ በሌሊት ትነቃለች። እግሮቹን ታያለች።
ጨው ትበትናለች። ተፈጸመ።

በቀረጻው ዕለት ዝናብ ነበር፤ የእኛ ሳይሆን የእግዜር ዝናብ፣
ቧንቧ ያልተከራየንለት፤ በመስኮቱ ገብቶ እስከ ጉልበቴ አራሰኝ።
አከራይዋን የምትጫወተው ማናንግ ፐርፔቱዋ፣ የሰባ ሦስት ዓመት ሴት፣
የጨው ሳህኗን ይዛ ገባች። የነጠላ ጫማዋን ኮቴ ሰማሁት።
ቆመች።
ረጅም ቆመች።
ከዚያ ሳህኑ ወለል ላይ ሲቀመጥ ተሰማኝ፣ ቀስ ብሎ፤
የትከሻ ልብሷም ጉልበቴ ላይ ሲጠመጠም፣ ሞቅ ብሎ።
«በርዷችኋል እኮ» አለች፤ ለሁለቱ፣ ለግራውም ለቀኙም፤
«እስክትመጣ ቁጭ በሉ አልላችሁ ነገር፣ መቀመጥ አትችሉም።»

እንዲህ የሚል ቃል ጽሑፉ ላይ የለም።
ዳይሬክተሩ «ይቁም» አላለም።
አረንጓዴው ጨርቅ ውስጥ አለቀስኩ፤ ካሜራው እንባ አላየም፤
ከወገቤ በላይ ያለው ሁሉ በኮምፒውተር ይሰረዛል።
ጉልበቴ ሲንቀጠቀጥ ግን ይታያል።
እሱን አልቆረጡትም።

ማታ ፈርሜ ክፍያዬን ተቀበልኩ።
ጨዉን ከዕቃ ክፍሉ ልጅ ለምኜ ወሰድኩት፤
ሳምንት ሙሉ ለዓሣ በቃኝ።