የሐምራዊው መብራት ሴት

ሠላሳ አንድ ዓመት በጊሬሱን ወደብ፣
መስኮት በሌለው ክፍል፣ ከለውዝ ክምር አጠገብ፣
ነዛሃት ቆመች፤ መብራቷ ሐምራዊ፣
ቃሏ አጭር፣ የፊርማዋ ቀለም ሰማያዊ።

ንጹሑ ለውዝ ዝም ይላል፣ ብርሃን አይነካውም፣
የሻገተው ግን ይበራል፣ መደበቅ አይሆንለትም፤
አረንጓዴ ዓይን አውጥቶ ከጆንያው ያፈጣል፣
«አፍላቶክሲን» ትጽፋለች፤ መርከቡ ጎድሎ ይወጣል።

ነጋዴው ይለምናል፣ «ልጄን ልድር ነበር»፣
አለቃዋ ይስላል፣ ስለ ውጭ ምንዛሪ ሊናገር።
አንዱ ለበዓሉ በግ ልኮላት ነበር፤
መለሰችው ከነገመዱ፣ ከደረሰኝ ጋር።

ዝናብ እንቢ ባለው መከር ጭነቱን ይዞ መጣ
አጎቷ ዱርሙሽ፣ ያሳደጋት፤ እየሳቀ ከመኪናው ወጣ።
አርባ ሁለት ከረጢት። መብራቷን አበራች፣
አጠፋች።
ደግማ አበራች።
ጭሱ ከኮረብታው ጥግ እስኪመሽ ድረስ ዋለ፤
ዱርሙሽም በደጇ ሲያልፍ ፊቱን ወዲያ እንዳለ
ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት።

ያልታመመ ሰው ምን ብሎ ያመሰግናል?
ሃምቡርግ ላይ አንድ ሕፃን ቸኮላት በልቶ ይተኛል፤
ጉበቱ ስሟን አያውቅም።

ጡረታ ስትወጣ የግድግዳ ሰዓት ሸለሟት፣
በቀን ሰባት ደቂቃ ወደ ኋላ የሚቀርባት።

አንድ ማታ በሯ ተንኳኳ። ዱርሙሽ፣ በምርኩዝ።
ከኪሱ አወጣ፣ በሚንቀጠቀጥ እጁ፣ አንዲት ለውዝ።
«ስበሪልኝ» አለ።
ሰበረች። ልማድ ግን አይለቅምና
ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችው፣ ወደ አምፖሉ ዞረችና።
«እህስ? አለፍኩ?» አለ ሽማግሌው፣ ትን እስኪለው ስቆ።
መልስ አልሰጠችም።
ከሁለት ከፈለችው፤
ግማሹን ቀድማ ቀመሰች፣
ጥቂት ጠበቀች፣
ከዚያ ሰጠችው።