ጐን

የዕቁቡን ብር በመቀነቴ ቋጥሬ፣ ፒያሳ ወጣሁ ሐሙስ ለት፤
ሁለት ሌዘር ጐን ለጐን ያዩኛል ከመስታወት።
«አምስት ዋቱ ይጭራል» አለኝ አዛናው፣ «ዐሥሩ ጣውላ ይቆርጣል»፤
እኔ ግን ገና አልቆረጥሁም፣ ዋጋው ከእሳቱ ይፈጃል።

ቤቴ አንድ ክፍል፣ አንድ መስኮት፤ ልጄ አዱኛ ሳል አለበት፤
«ክዳን አለው ወይ?» አልሁት፣ «ጭሱስ የሚወጣው በየት?»

የዋንዛ ቁራጭ አወጣሁ፣ ከወንድሜ መሮ የተረፈ፤
«ጐንደር በልበት» አልሁት። ርካሹ ባዶ ሳጥን ጻፈ፣
በ«ጐ» ቦታ።
«በጎ ይሁንልሽ» አለ እየሣቀ፣ «ያው ነው።»
ያው አይደለም።
የሙሽራ ስም፣ የሟች ስም ነው ነገ እኔ የምጽፈው።

ዐሥር ዋቱ ግን ቀስ ብሎ፣ እንደ ፊደል ቆጣሪ ሕፃን፣
ቀለበቷን እንኳ ሳይስት አጠቆረልኝ «ጐ»ን።
«ን»ን ጨረሰ፣
መብራት ጠፋ።
አዛናው አፈረ፤ ስልኩን አበራ፤ ይቅርታ ሊል አፉን ከፈተ።
እኔ ግን በጨለማ ውስጥ፣ ያኔ ነው ልቤ የቆረጠ።

ማራኪ ድረስ በባጃጅ፣ ካርቶኑን በጉልበቴ ይዤ፣
«ጐን» ብላ የቀረች ጣውላ በጐኔ ሻጥ አድርጌ፤
«ደር» ቤት ይጻፋል፣
መብራት ሲመጣ።